ወታደር እጅ የሚሰጠው ለማን ነው?

ስለ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ከአፋችን የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ ከመማረክ መሞት ይሻላል የሚል። በፉከራው ውስጥ አለ፣ በሙሾው ውስጥ አለ፣ ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የሚሸኝ አባትም ሳይለው አይቀርም። ከልብ የወጣ ነገር ስለሆነ አልንቀውም። ግን እውነት ነው ወይ? ጥይቱ ያለቀበት፣ ከወገን የተቆረጠ፣ መውጫው ሁሉ የተዘጋበት ወታደር በእርግጥ ሞትን ይመርጣል? ይህን ለመመርመር ከአምባሰልና ከሐይቅ አካባቢ የበለጠ ማስረጃ የተከማቸበት አገር አላውቅም። ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ልጆቻቸውን ያሠሩባት ግሸን አምባሰል ውስጥ ናት። ለዐድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው ውል የተፈረመበት ውጫሌም እዚያው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱበት መቅደላ በምዕራብ በኩል በሚያዋስነው በተንታ ይገኛል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳትም ከጦር አለቃ ጋር የተደራደሩት በስተደቡብ በኩል፣ በተሁለደሬ ሐይቅ ላይ ነው። ለብዙ ሰው አምባሰል የቅኝት ስም ነው፤ የጦር ታሪክ ለሚያነብ ሰው ግን የእስርና የምርኮ አገር ነው።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው ፍርድ እንዲህ ነው። በሞትና በምርኮ መካከል የቆመ ወታደር ሁለት ሰው ያያል፤ ፊቱ የቆመውን ማራኪና ከኋላው ያለውን ወገኑን። ማራኪው ቃሉን የሚጠብቅ መስሎ ከታየው፣ ወገኑም ነገ እንደማይክደው ካመነ እጁን ይሰጣል። ሁለቱንም ካላመነ እስከ መጨረሻዋ ጥይት ይታኮሳል፤ የተረፈችውንም ለራሱ ያደርጋታል። ስለዚህ ለምን እጁን ሰጠ፣ ወይም ለምን አልሰጠም የሚለውን ጥያቄ ከወታደሩ ይልቅ ለማራኪውና ለላኪው ብናቀርበው ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

አባባሉ ዋና ምስክሩን የሚጠራው ከመቅደላ ነውና ከዚያ ልጀምር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዞች እጅ ከመውደቅ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በዚያው ቀን በዚያው አምባ ሥር ስለሆነው ሌላ ነገር ግን እምብዛም አናወራም። ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከንጉሡ ሠራዊት 700 ያህል ሰው ወድቋል፤ ከእንግሊዞቹ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። በማግሥተ ፋሲካ ንጉሡ ሠራዊታቸውን ሌላ ጌታ ፈልጉ ብለው አሰናበቱ። በሺህ የሚቆጠር ወታደርም እስላምጌ ላይ ጠመንጃውን፣ ጦሩንና ጋሻውን እያስቀመጠ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ወረደ። እነዚህ ሰዎች ፈሪዎች ነበሩ ለማለት የሚደፍር ካለ፣ አሮጌ ላይ ወደ መድፍና ወደ ሮኬት ቁልቁል የሮጡት እነሱው መሆናቸውን ያስታውስ። ጄኔራል ናፒየር ለአገሬው ባስነገረው አዋጅ የመጣሁት የታሠሩትን ለማስፈታት ነው፣ ከሕዝቡ ጋር ጠብ የለኝም ብሎ ነበር፤ ጦሩም ከባሕር እስከ መቅደላ ሲመጣ የገዛውን እህልና ከብት እየከፈለ እንደመጣ ወሬው ቀድሞ ደርሷል። ወታደሮቹ በዚህ ወሬ ላይ ተማምነው ወረዱ። ለንጉሡ ምርኮ ማለት የንግሥናቸው ፍጻሜ ነበር፤ ለወታደሩ ግን የሚታረስ መሬትና የሚያድግ ልጅ ነበረው። የአንድ ንጉሥ ሞት ታሪክ ሆኖ ሲቀር የብዙ ሺህ ሰው ውሳኔ ተረሳ፤ እኛም ከተረሳው ይልቅ ከታወሰው ብቻ ተማርን።

መቅደላ ሌላም ምስክር አላት። ምኒልክ ሸዋ በቴዎድሮስ እጅ ከወደቀ በኋላ በልጅነታቸው ተወስደው አሥር ዓመት ገደማ በምርኮ የኖሩት በዚህ አምባ ላይ ነው። በ1857 ዓ.ም. አመለጡ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ግሸንም እንደዚሁ ናት። ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ዙፋን ላይ የወጡት ከግሸን እስር ወርደው ነው። የታሠረን ሰው በሕይወት ማቆየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የምትመሰክር አምባ ናት፤ በ1532 ዓ.ም. ደግሞ በኢማም አሕመድ ጦር ስትያዝ የታሠሩትም ጠባቂዎቹም አብረው አለቁ። አንዲት አምባ ሁለቱንም አሳይታናለች፤ ከእስር የወጣ ንጉሥንም፣ ከእስር ያልወጡ መሳፍንትንም።

ኢማም አሕመድን ካነሣሁ የሐይቁን ነገር ማለፍ አይገባም። በ1524 ዓ.ም. አምባሰል ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር ተበተነ፣ የንጉሡም ዕቃ ተማረከ። ኢማሙ ከዚያ ወደ ሐይቅ ወረዱ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያኔ በውኃ የተከበበ ደሴት ነበርና ጦሩ ታንኳ ማበጀት ያዘ። መነኮሳቱ መርከበኛ ሠራዊት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ለዘመናት የተከማቸ ወርቅና ብር ነው። ንብረቱ ይሰጥ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አይቃጠል በሚል ተስማሙ፤ ቃሉም ተጠበቀ። በዚያ ዘመን ስንት ቤተ ክርስቲያን እንደነደደ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያም የበለጠ የሚገርመኝ የሚናስ ነገር ነው። የልብነ ድንግል ልጅ ሚናስ በ1531 ዓ.ም. ተማርኮ ባሕር ተሻግሮ የመን ደረሰ። በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ሲወድቁ ደግሞ ልጃቸው መሐመድ በክርስቲያኖቹ እጅ ገባ። ያኔ ሁለት እናቶች፣ እቴጌ ሰብለ ወንጌልና የኢማሙ ባለቤት ድል ወንበራ፣ ልጅ ለልጅ ተለዋወጡ። ሚናስ በ1551 ዓ.ም. ነገሡ። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲተራረድ በኖረ አገር፣ ሃይማኖትን ከሃይማኖት ባፋጀ ጦርነት መካከል፣ ምርኮኛን በሕይወት ማቆየት ለሁለቱም ወገን ጠቅሟል። ሁለቱ እናቶች የዚያን ጊዜ ያወቁትን እኛ ዛሬም ገና አልለመድነውም።

ይህ ከባህላችን ውጭ የሆነ ነገርም አልነበረም። የጥንቱ ጀግና ሲፎክር ገዳይ ብቻ ብሎ አያቆምም፤ ገዳይ፣ ማራኪ ይላል። ማርኮ መምጣት እንደ መግደል ይቆጠርለት ነበር፤ የተሸነፈም ድንጋይ ተሸክሞ ማሩኝ ብሎ ሲገባ የሚቀበለው ሥርዓት ነበረ። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲዋጉ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ምኒልክ አስታመሟቸው፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ14 ዓመት በኋላ እኒሁ የእምባቦ ምርኮኛ ጦራቸውን አስከትለው ዐድዋ ላይ ከማራኪያቸው ጎን ተሰለፉ። እምባቦ ላይ ቁስለኛው ንጉሥ ተገድለው ቢሆን የጎጃም ጦር ዐድዋ ላይ በዚያ ልብ ይቆም ነበር ብዬ አላምንም። የወሎን ጉዳይ ስንመለከት ግን ሌላውን ገጽ እናያለን። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ መሳፍንት ሲገቡ የመግቢያው ዋጋ ሃይማኖት ሆነ። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጠልሃን የመሳሰሉት ግን እምቢ ብለው ሕዝባቸውን አስከትለው ለዓመታት ተዋጉ። ሰው እጁን ሲሰጥ ጠመንጃውን ይሰጣል፤ እምነቱንና ማንነቱን ጨምር ሲባል ግን ጠመንጃውንም መልሶ ያነሣዋል።

እኒያው ሚካኤል ንጉሥ ሆነው ሰገሌ ላይ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተማረኩ። ከሳምንት በፊት ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድ ጦር ከነመሪው አልቆ ስለነበር የሸዋ ጦር ልቡ ቆስሏል፤ ቢሆንም የወሎው ንጉሥ አልተገደሉም። በሰንሰለት ታስረው በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት አለፉ፤ በምርኮ እንዳሉም በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ አረፉ። ነፍሳቸውን ማትረፉ መልካም ነበር። ያ ሰልፍ ግን በወሎ ልብ ላይ የተወው ጠባሳ በቀላሉ የሚሽር አልነበረም፤ የተሸነፈን ሰው ለዐይን መስጠት ከውጊያው ቀን በላይ ዕድሜ ያለው ቂም ይተክላል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ወደ ዐድዋ አደረሰን። ከዐድዋ በፊት በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ በሜጀር ጋሊያኖ የሚመራ የጣሊያን ጦር ምሽግ ውስጥ ተከቦ ነበር። በግንባር የተደረገው ማጥቃት ብዙ ሰው ፈጀ፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውኃው ሲያዝ ግን ምሽጉ ተለቀቀ፣ ምኒልክም ወታደሮቹን ከነመሣሪያቸው አሰናበቷቸው። ከዐድዋው ድል በኋላም ከ1500 የሚበልጡ ጣሊያኖች ተማርከው ወደ ሸዋ መጡ፤ በየመኳንንቱ ቤት ተደልድለው ኖሩ። ጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ሲለቀቁ ጣሊያን ለቀለባቸው ካሣ ከፈለች። ይህን በኩራት እናወራዋለን፤ ልናወራውም ይገባል። ዕዳውንም አብረን እናውራ። ለጣሊያን የተሰለፉ 800 ያህል የኤርትራ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ነው የተቀጡት፤ ዘመኑ ያንን ሕግ ይለው ነበር። ለነጩ ምሕረት፣ ለራሳችን ወንድም ቢላዋ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ የሚያመኝ ነው፤ የባዕዱን ምርኮኛ ማክበር ቀሎን የወንድምን ማክበር የከበደን ከያኔ ጀምሮ ይመስለኛል።

ማራኪው ቃሉን ሲያፈርስ ምን እንደሚሆን ግን ከፋሽስት ወረራ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ባስተላለፈው ትእዛዝ የተያዘ ሽፍታ ሁሉ በጥይት ይደብደብ አለ። ሽፍታ ያለው ለአገሩ የሚዋጋውን ኢትዮጵያዊ ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ምሕረት ተገብቶላቸው ፍቼ ላይ ገቡ፤ ነገር ግን ተገደሉ። ወንድማቸው ወንድወሰን በዚያው ወር ላስታ ውስጥ ተይዘው ተረሸኑ። በዚያው ወር ደግሞ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ እርሳቸው ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሠሩና ከጦርነቱ በኋላ በሕይወት ወደ አገራቸው ተመለሱ። አብረዋቸው እጅ ከሰጡት ወጣት የሆለታ መኮንኖች መካከል ግን ከየካቲት 12 በኋላ የተገደሉ አሉ። አንድ ወር፣ አንድ ጠላት፣ አንድ ዓይነት ቃል፤ አንዱ ገብቶ ተረፈ፣ ሌላው ገብቶ ተገደለ። ይህን የሰማ በላስታ፣ በመንዝ፣ በጎጃም ጫካ ውስጥ ያለ አርበኛ ምን ያስባል? እጅ መስጠት ማለት ሳይታኮሱ መሞት ነው ብሎ ያስባል። አምስት ዓመት ሙሉ ያልበረደው አርበኝነት ከአገር ፍቅርና ከሃይማኖት እንደመነጨ አምናለሁ፤ ፍቼ ላይ የፈሰሰው ደም ግን የመመለሻውን መንገድ ዘግቶት ነበር። ጣሊያን ብዙ ወታደር የከሰረው በራሱ የሐሰት ምሕረት ነው።

ራሱ ጣሊያንም ይህን የሚያውቅ መሆኑ በ1933 ዓ.ም. ታየ። ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ በእንግሊዝ ወገን ጦር ስትያዝ በሺህ የሚቆጠሩ ጣሊያኖች እጃቸውን ሰጡ። በግንቦት አምባ አላጌ ላይ የአኦስታው መስፍን ከነጦራቸው የክብር ሰልፍ ተደርጎላቸው ለእንግሊዞች ገቡ። ከኢትዮጵያ አርበኞች እጅ ከመግባት ከእንግሊዝ እጅ መግባቱን የመረጡት በወኔ ማነስ አልነበረም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ በሰላማዊው ሰው ላይ ያደረጉት ብድሩ የሚመለስ መስሏቸው ነው። ምርኮኛ የሚመርጠው ማራኪን ነው። በአንድ ተራራ ላይ ሁለት ጦር ሲከበው ወደ የትኛው ነጭ ጨርቅ እንደሚያውለበልብ ያውቃል።

የማራኪው ነገር ይህን ያህል ከሆነ የላኪውስ? እዚህ ላይ የደርግ ዘመን ያስተምረናል። የካቲት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥታቸው ትእዛዝ ተረሸኑ። ሌላው አዛዥ ፈርቶ በጽናት እንዲዋጋ ታስቦ ይሆናል። በቀጣዩ ወር ናደው አፍአበት ላይ ተደመሰሰ፤ በሺህ የሚቆጠር ሠራዊት ተማረከ። ከኋላ የተደቀነ ሽጉጥ ግንባርን አያጸናም። በተቃራኒው ኢሕአዴግ የማረካቸውን ወታደሮች በብዛት ይለቅ ስለነበርና ከምርኮኛ መኮንኖችም የመኮንኖች ንቅናቄ እስከ ማቋቋም ስለደረሰ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ጦሩ በየቦታው ሲፈታ እጅ መስጠት እንደ ሞት መታየቱ ቀርቶ ነበር። በኦጋዴን ጦርነት በሶማሊያ የተማረኩት ደግሞ ሌላ መከራ አይተዋል። አውሮፕላናቸው ተመትቶ የተያዙት አብራሪ ለገሠ ተፈራን ጨምሮ ከ3000 የሚበልጡ ምርኮኞች ሁለቱ መንግሥታት በ1980 ዓ.ም. እስኪስማሙ ድረስ፣ ብዙዎቹ አሥር ዓመት ተቀምጠዋል። ያን ያህል ዘመን አገሩ የረሳው መስሎት የተቀመጠ ወታደር የሚያውቀው ሌላ ወታደር፣ ነገ ሲከበብ ምን ይመርጣል? ሶቭየት ኅብረት በ1941 (እ.ኤ.አ.) ትእዛዝ ቁጥር 270 ብላ እጁን የሰጠ ሁሉ ከዳተኛ ነው ስትልና ቤተሰቡንም ስትቀጣ፣ በጀርመን እጅ የወደቁ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወታደሮቿ ከሁለቱም በኩል ተቀጡ፤ ጀርመን በረኃብ ገደላቸው፣ የተረፉትንም አገራቸው በጥርጣሬ ተቀበለቻቸው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። በጣም የሚከብደው የቃኘው ሻለቃ ነው። ኮሪያ የዘመቱት ኢትዮጵያውያን ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸው አንድም ምርኮኛ አልሰጡም፤ ሬሳቸውንም ጥለው አልመጡም። ይህን የሚያነሣ ሰው ወታደራችን ከተፈጥሮው አይማረክም ይለኛል። የቃኘውን ጀግንነት የሚያሳንስ ቃል ከእኔ አይወጣም። ግን ሬሳ ሳይቀር የሚያነሣ ጓደኛ ያለው ወታደር በተከበበ ጊዜ ብቻውን እንደማይቀር ያውቃል፤ ሊያወጡት ይመጣሉ፣ መጥተውም ያውቃሉ። ቃኘው ምርኮኛ ያልሰጠው ወገን ወገኑን ስላልጣለ ነው። ስንቅ የማይደርሰውን፣ ማጠናከሪያ የማይላክለትን፣ አዛዡ ቀድሞ የሸሸበትን ወታደር በቃኘው ስም ሙት ማለት ግን የቃኘውን ታሪክ ለሌላ ዓላማ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመቀሌ ይመጣል። ጋሊያኖ ተለቆ ተመለሰና ዐድዋ ላይ ተሰለፈ፤ እዚያም ሞተ። ታዲያ ምሕረት ጠላትን መልሶ ማስታጠቅ አይሆንም? ይህ ጥያቄ ሁለት ነገር ያምታታል። ምርኮኛን አለመግደል አንድ ነገር ነው፤ ጦርነቱ ሳያልቅ ከነጠመንጃው መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። በ1941 ዓ.ም. የወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች ምርኮኛን ጦርነቱ እስኪያበቃ መያዝን አይከለክሉም፤ መግደልን፣ ማሠቃየትንና ማዋረድን ነው የሚከለክሉት። ደግሞም መቀሌ ምሽጉ በሰላም በመለቀቁ ያልሞቱ የእኛን ወታደሮች መቁጠር አለብን፤ በየግንቡ ሥር ሊወድቁ የነበሩ ናቸው።

እነሱ ሳያከብሩ እኛ ለምን እናከብራለን የሚለው ሦስተኛው፣ ዛሬም ከሁሉ የሚበዛው ነው። ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ይህ ተፈትኗል። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ 2600 ያህል ምርኮኞች ስትይዝ ኤርትራ 1100 ያህል ይዛለች። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1992 ዓ.ም. ነሐሴ ነው፤ እስከዚያም የቀይ መስቀል ሰዎች ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን እንዳያዩ ከልክላለች። ኢትዮጵያ ግን ከመጀመሪያው ፈቀደች። ይህን በማድረጓ የጠፋባት ግንባር የለም። የሁለቱን አገሮች ክስ ያየው የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. ውሳኔውን ሲሰጥ ኤርትራን ምርኮኞችን በመግደልና በመደብደብ፣ ኢትዮጵያንም ምርኮኞችን ጫማ አስወልቆ በባዶ እግር በማስጓዝና መልሶ በመላክ መዘግየት ተጠያቂ አደረገ። ያ ጫማ ከአእምሮዬ አይወጣም። የተማረከ ልጅ እሾህና ቋጥኝ ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ከሬዲዮ የሰማውን የምሕረት ጥሪ ሁሉ አያምንም።

ሁሉንም የማነሣው ትናንትና ለሆነውና ዛሬም ላልቆመው ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ወደ ውጫሌና ሐይቅ ወርዶ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ኅዳር 27 ቀን ሁለቱ ከተሞች ተመለሱ። ከዚያ በፊት ሰኔ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ የመከላከያ ምርኮኞች በመቀሌ ጎዳና በሕዝብ ፊት እንዲያልፉ ተደርጓል። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከ4000 በላይ ምርኮኞች ተለቀቁ። መለቀቁ የሚመሰገን ነው፤ ሰልፉ ግን በሰገሌው ንጉሥ ላይ የተደረገው ነው፣ በስልክ ካሜራ ተባዝቶ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል የሚደረገው ውጊያ ደቡብ ወሎንም አልዘለለም። የጦር ምርኮኞችን የሚመለከተው ስምምነት በ13ኛው አንቀጹ ምርኮኛ ለሕዝብ ዐይን እንዳይሰጥ ይከለክላል። ይህ የመንግሥታት ጦርነት ሕግ ነው፣ ከሽፍታ ጋር አይሠራም የሚል ሰው ሦስተኛውን የጋራ አንቀጽ ያንብብ፤ በአንድ አገር ውስጥ በሚደረግ ውጊያም ቢሆን መሣሪያውን ያስቀመጠን ሰው መግደልና ማዋረድ ክልክል ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን በ1962 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 272 በምርኮኛ ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ይቀጣል። ሕጉ የሚጎድለን አይደለም።

የሚጎድለን ወታደር እጁን መስጠቱ ወይም አለመስጠቱ የእነሱ ውሳኔ መሆኑን ሁለቱም ወገን መቀበላቸው ነው። የአምባሰል ልጅ ከአንዱ ወገን፣ የሐይቅ ልጅ ከሌላው ወገን ተሰልፎ፣ ምናልባትም የእናት ልጆች ሆነው፣ አንድ ገደል ላይ ሲገናኙ የሚያምኑት በመግለጫ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እጁን የሰጠው ጎረቤታቸው ምን ሆነ የሚለውን ነው የሚያውቁት። ስለዚህ የሁለቱም ወገን አዛዦች የማረኳቸውን ሰዎች ስም መዝግበው ለዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ቢያሳውቁ፣ ምርኮኛን በስልክ እየቀረጹ ማሠራጨትን ለወታደሮቻቸው ቢከለክሉ፣ የተለቀቀውንም ከዳተኛ ከሚል ስም ቢጠብቁ፣ በሚቀጥለው ውጊያ የራሳቸውን ሰው ያተርፋሉ። ይህ ሰላም አይደለም፤ የፖለቲካው ስምምነትም የሚጠበቀው ከሌላ ቦታ ነው። ሰላሙ እስኪመጣ ድረስ ግን በየቀኑ የሚሞቱ አሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ የት እንደደረሰ የማያውቅ ቤተሰብ አለ። ወሎ ውስጥ ሞት በተሰማበት ቤት ክርስቲያኑ ተስካር ያወጣል፣ ሙስሊሙ ሰደቃ ያደርጋል፤ ጎረቤቱም ሃይማኖት ሳይለይ ይመጣል። መርዶ ያልመጣለት ቤት ግን ሁለቱንም ማድረግ አይችልም። ማልቀስ ልጅን መግደል ይመስላል፣ ዝም ማለትም ልብን ይበላል። የቀይ መስቀል የቤተሰብ መልእክት አንዲት ገጽ ናት፤ ፖለቲካ አይጻፍባትም፣ የጦር ወሬ አይጻፍባትም። ደኅና ነኝ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ነኝ፣ እናቴን ሰላም በሉልኝ ይጻፍባታል። ያቺ ወረቀት ውጫሌ ገበያ ወይም ሐይቅ ከተማ ደርሳ እጅ ለእጅ ስትተላለፍ ያየ ጎልማሳ፣ ነገ ተራው ሲደርስና ሲከበብ፣ ጠመንጃውን መሬት ላይ ማስቀመጥ እንደሚቻል ያውቃል።